ያለ ማተሚያ ማሽን፦ የሊኖሊየም ኅትመት በእጅ

የኅትመት ሥዕል መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማሽኑ ነው። የት ይገኛል? ዋጋው ስንት ነው? የሚያስጠቅመኝ ሰው አለ ወይ? ማሽኑ ሲታጣ ሥዕሉም በልብ ውስጥ ይቀራል። እኔ ግን በቤትዎ ጠረጴዛ ላይ፣ በእንጨት ማንኪያ ብቻ፣ ጥቁሩ የጠለቀና መስመሩ የጠራ ኅትመት ማውጣት እንደሚችሉ ላሳይዎ እፈልጋለሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ ያወጣው ዝነኛው የማዕበል ሥዕል በሺዎች ተባዝቶ የተሸጠው ማተሚያ ማሽን ሳይነካው ነው። አታሚዎቹ ወረቀቱን በተቀረጸው እንጨት ላይ ዘርግተው፣ ባረን በሚባል ክብ የእጅ ማሻ ጀርባውን እያሹ ነበር የሚያትሙት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዙልኝ። በእጅ ሲታተም ሥራውን የሚያሳምረው የክንድ ጉልበት አይደለም፤ ስስ ወረቀትና በስሱ የተቀባ ቀለም ነው። ጀማሪዎች የሚቸገሩት በአብዛኛው ወፍራም ወረቀት ገዝተው፣ ቀለም አብዝተው፣ ከዚያ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ስለሚጫኑ ነው።

ሊኖሊየሙና ምትኩ

ሊኖሊየም እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለወለል ንጣፍ የፈጠረው ነገር ነው። ዋናው ንጥረ ነገሩ የተልባ ዘይት ነው። ዘይቱ ለአየር ተጋልጦ እስኪረጋ ይቆያል፤ ከዚያ ከዛፍ ሙጫ፣ ከቡሽ ወይም ከእንጨት ብናኝ ጋር ተለውሶ በጆንያ ጨርቅ ላይ ይዳመጣል። ስለዚህ እውነተኛውን ሊኖሊየም ለመለየት ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ፤ የጆንያው ድርና ማግ ይታያል። ሲያሸቱትም የተልባ ዘይት ሽታ አለው። በየወለሉ የሚነጠፈው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተመሳስሎ ይሸጣል እንጂ ሊኖሊየም አይደለም።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ ከሆነ በማንኛውም የሥዕል ዕቃ መደብር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ለቅርጽ የተዘጋጀ ሊኖሊየም ያገኛሉ። አገር ቤት ካሉ ፍለጋው ሊያደክምዎ ይችላል። ያን ጊዜ ለስላሳና ጠፍጣፋ የጎማ ንጣፍ፣ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ወለል፣ ወይም ፊቱ ልስልስ ያለ ኮምፔንሳቶ ይጠቀሙ። ጎማው ለመቁረጥ ይቀላል፤ ኮምፔንሳቶው ግን የእንጨቱ ጭረት ስላለው ቀጭን መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ከዚህ በታች የምነግርዎ የቀለምና የማሸት ሥራ ለሁሉም ያው ነው። ኮምፔንሳቶውን ቢመርጡም ብቻዎን አይደሉም፤ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት በአገራችንም ጥሩ መሠረት አለው። ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምረው ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው።

ለመጀመሪያ ሥራዎ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ይበቃዎታል። ከዚያ የሰፋውን በማንኪያ ማሸት ክንድ ያዝላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መቅረጫ ሁለት ዓይነት ይያዙ። አንዱ አፉ ሹል ሆኖ ወደ ታች የጠበበ፣ ለቀጭን መስመርና ለዙሪያ የሚሆን፤ ሌላው አፉ እንደ ግማሽ ክብ የሰፋ፣ ሰፊ ቦታ ለማንሳት የሚያገለግል ነው። የሚሸጥ ካላገኙ አሮጌ ጃንጥላ ይፈልጉ። የጃንጥላው የብረት ዘንጎች ብዙዎቹ ጎድጎድ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ 6 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ቆርጠው፣ ጫፉን ከውጭ በኩል በመሳያ ድንጋይ አሹለው፣ ሌላውን ጫፍ እንጨት ውስጥ ቢያስገቡት የሚያገለግል መቅረጫ ይሆናል።

ቀለሙን የሚቀቡበት የጎማ ሩሎ ያስፈልግዎታል። የግድግዳ ቀለም የሚቀባው የስፖንጅ ሩሎ አይሆንም፤ ቀለሙን ወደተቀረጸው ጉድጓድ ያስገባል። በዚህ ዕቃ ላይ ብቻ ገንዘብ አይቆጥቡ። ሌላው ሁሉ ከቤት ይገኛል፦ ጠርዙ በቴፕ የተሸፈነ የመስኮት መስታወት፣ ስፓቱላ፣ ጀርባው የለሰለሰ የእንጨት ማንኪያ፣ የምግብ ዘይት፣ አሮጌ ጋዜጣና ጨርቅ።

ቀለሙን በተመለከተ ምርጫዬ በዘይት የተለወሰ የኅትመት ቀለም ነው። በውኃ የተለወሰው ለማጠብ ይቀላል፤ ነገር ግን እንደ አዲስ አበባ ባለ ደረቅ አየር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መስታወቱ ላይ ይደርቃል፤ በማንኪያ እያሹ ሳሉም ወረቀቱን ከሊኖሊየሙ ጋር ያጣብቀዋል። ማሽን ያለው ሰው አንዴ ተጭኖ ስለሚያነሳ አይቸገርም። እኛ ግን አንዱን ቅጂ ለማሸት አምስትም አሥርም ደቂቃ እንፈልጋለን። የሥዕል መደብር ከሌለ ማተሚያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ጥቁር የኦፍሴት ቀለም ይሠራል፤ በጣም ከደረቀብዎ አንድ ጠብታ የተልባ ዘይት ጨምረው ይለውሱት።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ40 እስከ 80 ግራም ቢሆን ይመረጣል። ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ ለመለማመጃ አይከፋም። ከሁሉ የሚሻለው የጃፓን ወረቀት ነው፤ ስስ ሆኖ ሳለ አይቀደድም። ስስ ወረቀት የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ፤ በሚያሹበት ጊዜ ቀለሙ ከጀርባ ስለሚታይ የቱ ጋ እንደያዘና የቱ ጋ እንደቀረ በዓይንዎ እየተከታተሉ ይሠራሉ። ይህን ማሽን አይሰጥዎትም።

ሥዕሉን ማሳረፍ

የሊኖሊየሙን ፊት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይሹትና አቧራውን ይጥረጉ። ከዚያ በቀጠነ ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም አቅልመው ያድርቁት። ሲቀርጹ የተነሳው ቦታ በራሱ የሊኖሊየም ቀለም ስለሚለይ፣ የቀረውንና የወጣውን ሳይደናገሩ ያያሉ።

ኅትመት ሁሉን ይገለብጣል። ቀኝ ግራ፣ ግራ ቀኝ ይሆናል። ቀላሉ መላ በካልክ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ መሣል ነው። ከዚያ እርሳሱ ያረፈበትን ፊት ወደ ሊኖሊየሙ ደፍተው ጀርባውን በማንኪያ ያሹት። ሥዕሉ ተገልብጦ ያርፋል፤ ሲታተም ደግሞ ተመልሶ ይቃናል። እርሳሱ በእጅ እንዳይጠፋ መስመሩን በማይለቅ ማርከር ይከተሉት።

ፊደል ያለበት ሥራ ከሆነ ጥንቃቄውን እጥፍ ያድርጉት። የእኛ ፊደል በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ወጥመድ አለው። በ፣ ሰ፣ ሠ፣ ዐ ግራና ቀኛቸው አንድ ስለሆነ ሳይገለብጡ ቢቀርጿቸውም አይታወቅብዎትም፤ ‹ትክክል ነኝ› ብለው ይቀጥላሉ። ጣጣው የሚመጣው በሌሎቹ ሆሄያት ነው። የራብዑ ‹ባ› ሲገለበጥ ሳብዑ ‹ቦ› ይሆናል፤ ‹ሳ› ደግሞ ‹ሶ›። ‹ሳባ› የሚለውን ስም ሳይገለብጡ ቢቀርጹ ወረቀቱ ላይ የሚያነቡት ‹ቦሶ› ነው። የ‹ቡ› እና የ‹ቢ› ቅጥያም ከቀኝ ወደ ግራ ይዞርብዎታል። ስለዚህ መቅረጫ ከማንሳትዎ በፊት ሊኖሊየሙን ከመስታወት ፊት ይያዙና በመስታወቱ ውስጥ ያንብቡት። የሚነበበው ያው የሚታተመው ነው።

ምን እንደሚሥሉ ሲያስቡ በጥቁርና በነጭ ያስቡ። መካከለኛ ግራጫ የለም፤ ግራጫ የሚመስለው ከተቀራረቡ መስመሮችና ነጥቦች የሚመጣ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሮርክስ ድሪፍት የተማረውን የጆን ሙአፋንጌጆን (እ.ኤ.አ. 1943–1987) የሊኖሊየም ሥራዎች ፈልገው ቢያዩ ብዙ ይጠቀማሉ። ሰፊ ጥቁር ቦታዎችን ሳይፈራ ይተዋል፤ በነጭ መስመር ብቻ ፊትና ልብስን ይለያል፤ ዓረፍተ ነገሮችንም በሥዕሉ ውስጥ ይቀርጻል። ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ ሁሉን አንስቶ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ማስቀረት ይፈልጋል። ያ ከሁሉ የሚከብደው መንገድ ነው። ጥቁሩን ይተዉት፣ ብርሃኑን ብቻ ያንሱ።

ቀረጻው

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ እጅዎ። መቅረጫ ሲያመልጥ ወደፊት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሊኖሊየሙን የሚይዘው እጅ ሁልጊዜ ከመቅረጫው አፍ ኋላ ይሁን፤ ፊት ለፊቱ በፍጹም እንዳይውል። ጠረጴዛው ላይ መደገፊያ ቢያበጁ ሥራው ይቀላል። አንድ ጣውላ ወስደው በአንደኛው ጫፍ ከላይ፣ በሌላኛው ጫፍ ከታች ቀጭን እንጨት ይምቱበት። የታችኛው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይይዛል፤ የላይኛው ደግሞ ሊኖሊየሙን ወደፊት እንዳይሸሽ ያቆመዋል።

ሊኖሊየሙ ከደረቀና ከተፈረካከሰ በጨርቅ ሸፍነው ለብ ባለ ካውያ ያሙቁት ወይም ፀሐይ ላይ ትንሽ ያስጡት፤ ሲሞቅ ቅቤ ይሆናል። መጀመሪያ በሹሉ መቅረጫ የቅርጾቹን ዙሪያ ያውጡ። ከዚያ በሰፊው ባዶ መሆን ያለበትን ቦታ ያንሱ። መስመሩ ሲጠማዘዝ እጅዎን አያጣሙ፤ መቅረጫውን ባለበት ይዘው ሊኖሊየሙን ያዙሩት። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1 ከግማሽ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጆንያው ከታየ ጠልቀዋል ማለት ነው። የሚቀረው መስመር ግርጌው ሰፋ፣ አናቱ ጠበብ እንዲል ጎኑን አዘንብለው ይቁረጡ፤ ሥሩ የተቦረቦረ መስመር በጥቂት ኅትመት ውስጥ ይሰበራል።

መቅረጫው መግፋት እንቢ ሲል አይታገሉት፤ ይሳሉት። ደነዝ መቅረጫ ከስለታሙ ይልቅ ብዙ እጅ አድምቷል፤ መቅረጫ የሚያመልጠው ኃይል ሲጨመር ነውና። በየመሐሉ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ጀርባ ላይ አፉን መሳብ ስለቱን ያቆየዋል።

ቀረጻው እንደተጋመሰ ስስ ወረቀት ከላዩ አድርገው በእርሳስ ጎን ያሹት። ሳይቀቡ፣ ሳያቆሽሹ ሥራው የት እንደደረሰ ያያሉ። የተነሳውን መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ሲጠራጠሩ ይተዉት።

ቀለም መቀባት

ይህን ክፍል በጥሞና ያንብቡልኝ፤ ከአሥር የተበላሹ ኅትመቶች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ነው።

ከመስታወቱ ጫፍ ላይ በስፓቱላ የጣት ውፍረት የማይሞላ ቀጭን የቀለም መስመር ያድርጉ። ሩሎውን ጫፉ ላይ ነካ አድርገው ወደ ታች ይጎትቱ፤ በየምልሱ ከመስታወቱ ላይ አንስተው እንደገና ያሳርፉት፤ ወዲህና ወዲያ ብቻ ካሹት ሩሎው በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀባል። ከዚያ ያዳምጡ። ቀለሙ ልክ ሲሆን ሩሎው ሲሄድ ስስ የሆነ የ‹ሽሽሽ› ድምፅ ያሰማል፤ ሲበዛ ግን እየተላቀቀ ይጮኻል፤ ፊቱም የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ያን ጊዜ የተረፈውን በስፓቱላ አንስተው ጥግ ላይ ያስቀምጡ።

አሁን ሊኖሊየሙን ይቀቡ። ክብደትዎን አይጫኑበት፤ ሩሎው በራሱ ክብደት ይሂድ። አንዴ በርዝመቱ፣ አንዴ በወርዱ፣ አንዴ በሰያፍ ያስኬዱት። እንደገና ከመስታወቱ ቀለም ይውሰዱና ይድገሙት። አንድ ወፍራም ቅብ ቀጭን መስመሮችን ይደፍናል፤ ሦስትና አራት ስስ ቅብ ግን ጥቁሩን እያጠለቀ መስመሩን ክፍት ይተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቅጂዎች ሳሳ ብለው ይወጣሉ፤ ሊኖሊየሙ ቀለሙን ገና እየጠጣ ስለሆነ ነው። ለእነዚህ ርካሽ ወረቀት ይጠቀሙ።

ጎድጓዳው ውስጥ ቀለም የያዙ ትንንሽ ሸንተረሮች ካዩ ቆርጠው ያንሷቸው። አንዳንዱ ግን የመቅረጫውን አካሄድ ስለሚያሳይ ለሥዕሉ ሕይወት ይሰጠዋል፤ የትኛው እንደሚቀር የእርስዎ ዓይን ይፍረድ።

ማተም

ከማተምዎ በፊት ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን በቴፕ ያጣብቁና የሊኖሊየሙን ዙሪያ፣ ከእሱም ውጭ የወረቀቱን ማዕዘኖች ይሥሉበት። ሁሉም ቅጂ በእኩል ህዳግ ይወጣል። በቀለም የቆሸሸ እጅ ወረቀት እንዳይነካ፣ በትንሽ የካርቶን ቁራጭ ጠርዙን እየያዙ ወረቀቱን ያንሱ።

ወረቀቱን ከአንድ ጎን ጀምረው ቀስ ብለው ያሳርፉት። አንዴ ከነካ አያንቀሳቅሱት። በመዳፍዎ ከመሐል ወደ ዳር ዳበስ ያድርጉት፤ ይህ ወረቀቱን ከቀለሙ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ አይሸሽም። አሁን ከላይ የመጋገሪያ ወረቀት ይደርቡ፤ ማንኪያው ይንሸራተታል፣ ስሱ ወረቀትም አይላጥም።

ማንኪያውን ከእጀታው ሳይሆን ከአንገቱ ይያዙ፤ አውራ ጣትዎ ጎድጓዳው ውስጥ ይረፍ። በትንንሽ ክቦች፣ ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር እያሹ ይሂዱ። ሰፊ ጥቁር ቦታ ላይ ይቆዩበት፤ የጀማሪ ኅትመት ነጭ ነጭ ነጥብ የሚያወጣው እዚያ ነው። ብዙ ነጭ ባለበት አካባቢና በዳር ጠርዞች ላይ ግን እጅዎን ያቅልሉ፤ አለዚያ ወረቀቱ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ይቆሽሻል ወይም ይቀደዳል።

ቀጥሎ ያለው የእጅ ኅትመት ትልቁ ጸጋ ነው። በአንድ እጅ ግማሹን ወረቀት አጥብቀው ይዘው ሌላውን ማዕዘን ቀስ ብለው ይግለጡ። ጥቁሩ ሙሉ ነው? ካልሆነ መልሰው አስተኝተው ያሹት። ቀለሙ ራሱ አንሶ ከሆነ ወረቀቱ እንደተገለጠ በሩሎው ያን ቦታ ብቻ ደግመው ይቅቡት። ሌላውን ማዕዘንም እንዲሁ። ሲረኩ ብቻ በአንድ ጊዜ ያንሱት። በማሽን አንዴ የተጫነ ያው የተጫነ ነው።

ወፍራም ወረቀት ብቻ ካለዎት በውኃ ርጭት አርጥበው በፕላስቲክ ጠቅልለው ጥቂት ያቆዩትና ፊቱ ላይ የሚታይ ውኃ ሲጠፋ ያትሙበት። ይህ የሚሆነው ለዘይት ቀለም ነው፤ የውኃ ቀለም ይፈሳል።

ቅጂዎቹን በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይስቀሏቸው። እንደ ቀለሙ ውፍረት ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይወስዳል። ሳይደርቁ አይደራርቧቸው።

ማጽዳትና የእሳት ነገር

ትርፍ ቀለሙን በስፓቱላ ያንሱ፤ ሩሎውን በጋዜጣ ላይ አንከባለው ያራግፉ። ከዚያ የምግብ ዘይት አፍስሰው ሁሉንም በጨርቅ ይጥረጉ፤ በመጨረሻ ሩሎውንና መስታወቱን በሳሙና ይጠቡ። ነጭ ጋዝና ቤንዚን አያስፈልግም፤ ሽታውም ጤና ይጎዳል። ሊኖሊየሙን ግን ውኃ ውስጥ አይንከሩት፤ ጆንያው አብጦ ይጣመማል።

አሁን የምነግርዎን አይዘንጉ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው በትነት አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ሙቀት ይፈጥራል። ሊኖሊየሙን ያረጋው ይኸው ሂደት፣ በዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ሲጣል አደጋ ይሆናል፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ጨርቆቹን ውጭ ዘርግተው ያድርቁ፣ ወይም ውኃ በተሞላ ክዳን ባለው ጣሳ ያኑሩ።

ሁለተኛ ቀለም ካማረዎት

ፒካሶ በደቡብ ፈረንሳይዋ ቫሎሪስ ሲሠራበት የታወቀ አንድ መንገድ አለ፦ ከአንዱ ሊኖሊየም ብዙ ቀለም ማውጣት። ነጭ የሚሆነውን አንስተው ሁሉንም ቅጂ በደማቁ ቢጫ ያትማሉ፤ ቢጫ ሆኖ የሚቀረውን ያነሱና በዚያው ላይ በቀይ ያትማሉ፤ በመጨረሻ በጥቁር። ከብርሃን ወደ ጨለማ ነው አካሄዱ። መመለሻ ስለሌለው የሚፈልጉት አሥር ቅጂ ከሆነ በመጀመሪያው ቀለም አሥራ አምስት ያትሙ፤ በየደረጃው የሚበላሽ አይጠፋም። ወረቀቱ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ ካላረፈ ቀለሞቹ ስለሚዛነፉ፣ የካርቶኑን ምልክት በጥንቃቄ ይጠብቁ።

የደረቁትን ቅጂዎች ሲለዩ ከሥዕሉ ሥር በእርሳስ ይፈርሙ። በግራ የቅጂው ቁጥር፣ ለምሳሌ 3/12፤ በመሐል ርእሱ፤ በቀኝ ስምዎና ዓመተ ምሕረቱ። የጻፉትን ቁጥር ያክብሩ፤ አሥራ ሁለት ካሉ አሥራ ሦስተኛ አያትሙ።

የሥዕል መምህር ከሆኑ ደግሞ አንድ ነገር ልለምንዎ። ትምህርት ቤቱ ማተሚያ የለውም ብለው ይህን ትምህርት አይዝለሉት። አንድ ሩሎ፣ አንድ የመስኮት መስታወትና ጥቂት የእንጨት ማንኪያ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ለታናናሾቹ መቅረጫ አይስጡ፤ በወፍራም ካርቶን ላይ ቅርጽ ቆርጠው እያጣበቁ በዚያው መንገድ ያትሙ። ለታላላቆቹ ግን ጎማውንና መቅረጫውን ይስጧቸው፣ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩ አሳይተው፣ በዚህ ሴሚስተር ይጀምሩ።